ኤቢሲ፦ ጣቢያ ያልሆነው የአሜሪካ ቴሌቪዥን

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው ቴሌቪዥኑን ቻናል 7 ላይ ሲያደርገው ኤቢሲን ያገኛል። ኒውዮርክ ያለ ወንድሙ በራሱ ከተማ ቻናል 7ን ሲከፍት የሚያየው ኤቢሲን ነው፤ ሎስ አንጀለስ ያለች እህቱም እንዲሁ። ማታ ማታ ሦስቱም አንድ ዓይነት የአገር አቀፍ ዜናና አንድ ዓይነት ድራማ ስለሚመለከቱ፣ አንድ ጣቢያ የሚያዩ ቢመስላቸው አይፈረድባቸውም። የኒውዮርኩና የሎስ አንጀለሱ ቻናል 7 የኤቢሲ የራሱ ንብረቶች ናቸው። የዋሽንግተኑ ግን ሲንክሌር የሚባል፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ሜሪላንድ የሚገኝ ሌላ ኩባንያ ንብረት ነው።

ይህን ልዩነት ሳይዙ የአሜሪካን ቴሌቪዥን ታሪክ መረዳት አይቻልም። አገር ቤት ቴሌቪዥን ስንል የለመድነው ከአንድ ማዕከል ተነሥቶ መላ አገሪቱን የሚያዳርስ ጣቢያ ነው። የአሜሪካ ትልልቅ ቴሌቪዥኖች ግን በውል የተያያዙ የብዙ ጣቢያዎች መረብ ናቸው፤ ኔትወርክ የሚባሉትም ለዚህ ነው። ከሦስቱ አንጋፋ ኔትወርኮች፣ ማለትም ከኤንቢሲ፣ ከሲቢኤስና ከኤቢሲ፣ ይህን አሠራር በግልጽ የሚያሳየው የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም ለብዙ አሥርተ ዓመታት መረቡ የሳሳና ሦስተኛ ሆኖ የኖረ ነበር። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኔትወርኩ ዜናውን፣ ድራማውንና ስፖርቱን ያዘጋጃል ወይም ይገዛል። የማሰራጫ ማማውና በሞገድ የመጠቀም የመንግሥት ፈቃድ ያለው ግን በየከተማው ያለው ጣቢያ ነው። ጣቢያው ከኔትወርኩ ጋር ውል ገብቶ የተወሰኑ ሰዓቶቹን ይሰጣል፤ ኔትወርኩ በነዚያ ሰዓቶች ውስጥ ለመላ አገሪቱ የሚሆን ማስታወቂያ ይሸጣል፤ ጥቂት ደቂቃዎች ደግሞ ጣቢያው ለአካባቢው ነጋዴ፣ ለመኪና ሻጩና ለጠበቃው፣ እንዲሸጣቸው ይተዉለታል። በቀረው ሰዓት ጣቢያው የራሱን የከተማ ዜናና ከሌላ የገዛውን ዝግጅት ያቀርባል። ዛሬ ኤቢሲ የራሱ የሆኑት ጣቢያዎች 8 ብቻ ሲሆኑ በውል የሚያሰራጩለት አጋር ጣቢያዎች ግን ከ200 በላይ ናቸው። ኔትወርክ በየከተማው አጋር ካላገኘ የቱንም ያህል ጥሩ ዝግጅት ቢኖረው የሚያየው የለም።

ታሪኩ የሚጀምረው በሬዲዮ ዘመን ነው። አርሲኤ የተባለው የሬዲዮ ኩባንያ በ1926 ኤንቢሲን ሲያቋቁም ብዙም ሳይቆይ ኔትወርኮቹን ሁለት አደረጋቸው፤ አንዱ ቀዩ፣ ሌላው ሰማያዊው ተባሉ። ስማቸውን ያገኙት መሐንዲሶቹ የጣቢያዎቹን መስመር በካርታ ላይ ከሳሉባቸው ባለቀለም እርሳሶች ነው ይባላል። ተወዳጆቹ ዝግጅቶችና ዋና ዋናዎቹ ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ወደ ቀዩ ሄዱ። ሰማያዊው የዜና ትንታኔ፣ የክላሲክ ሙዚቃና ገቢ የማያመጣ ዝግጅት ማስተናገጃ ሆነ። አንድ ባለቤት ሁለት ኔትወርክ በመያዙ በየከተማው የነበሩትን ጠንካራ ጣቢያዎች ጠቅልሎ ያዘ፤ ሌላ ተወዳዳሪ መግቢያ አጣ።

መንግሥት ጣልቃ የገባበት መንገድ በደንብ ሊታይ የሚገባው ነው። በ1934 የወጣው ሕግ የመገናኛ ሞገዶችን የሚቆጣጠር የፌደራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን አቋቁሟል። ኮሚሽኑ ለጣቢያዎች ፈቃድ ይሰጣል እንጂ ኔትወርክ የሚባል ፈቃድ አይሰጥም፤ ስለዚህ በኔትወርኮች ላይ በቀጥታ የሚያዝበት ሥልጣን አልነበረውም። በጄምስ ሎውረንስ ፍላይ ሊቀመንበርነት ጉዳዩን ሲመረምር የቆየው ኮሚሽን በ1941 ያወጣው ደንብ በጎን በኩል መጣ፤ ከአንድ በላይ ኔትወርክ ከሚያንቀሳቅስ ድርጅት ጋር ለተቆራኘ ጣቢያ ፈቃድ አልሰጥም አለ። ኔትወርኩን ሳይነካ ጣቢያዎቹን በመያዝ ኔትወርኩን አንበረከከው። በዚያው ደንብ ውስጥ ሌላም አንቀጽ ነበር፤ አጋር ጣቢያ ለሕዝብ ጥቅም የማይስማማ ወይም ተገቢ ያልሆነ ነው ብሎ በቅን ልቦና ያመነበትን የኔትወርክ ዝግጅት አላሰራጭም የማለት መብት እንዳለው የሚደነግግ ነው። ይህ አንቀጽ ከሰማንያ ዓመት በላይ ቆይቶ ስሙ ተነሥቷል፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ኤንቢሲ ተከራከረ። በግንቦት ወር 1943 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ዳኛ ፌሊክስ ፍራንክፈርተር በጻፉት ውሳኔ፣ ደንቡን አጸና። መሠረተ ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሞገድ ውስን ነው፤ ለሚፈልገው ሁሉ አይበቃም፤ ስለዚህ የሚያከፋፍለው መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ ይችላል። በዚያው ዓመት ሰማያዊው ኔትወርክ በ8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የገዙት ሰው ኤድዋርድ ኖብል ሲሆኑ ሀብታቸውን ያፈሩት «ላይፍ ሴቨርስ» በሚባለው፣ መሃሉ ክፍት በሆነው ክብ ከረሜላ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የአሜሪካን ብሮድካስቲንግ ካምፓኒ የሚለውን ስም ሰጡት፤ የስሙ የመጀመሪያ ፊደላት በእንግሊዝኛ ሲነበቡ ኤቢሲ ማለት ነው።

ቴሌቪዥን ሲመጣ አዲሱ ባለቤት ገንዘብ አጥሮት ነበር። በ1948 ስርጭቱን የጀመረው ኤቢሲ ለአምስት ጣቢያዎቹ፣ ማለትም ለኒውዮርክ፣ ለቺካጎ፣ ለዲትሮይት፣ ለሳን ፍራንሲስኮና ለሎስ አንጀለስ፣ ሆነ ብሎ ቻናል 7ን ጠየቀ። ከ7 በታች ያሉት ቻናሎች ለጦር ሠራዊቱ መገናኛ ይወሰዳሉ ተብሎ ይታሰብ ስለነበር ነው። ግምቱ ባይሠምርም ቁጥሩ እስከ ዛሬ የቤቱ ምልክት ሆኖ ቀርቷል።

ከዚያ ግን አንድ አስቸጋሪ ነገር ተከተለ። ኮሚሽኑ ጣቢያዎች በየከተማው እርስ በርስ እየተረባበሹ መሆናቸውን ሲያይ በመስከረም 1948 አዲስ ፈቃድ መስጠቱን አቆመ፤ ለጥቂት ወራት የታሰበው እገዳ እስከ 1952 ዘለቀ። በእገዳው ዘመን በብዙ ከተሞች የነበሩት አንድ ወይም ሁለት ጣቢያዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም አስቀድመው ከኤንቢሲ ወይም ከሲቢኤስ ጋር ተዋውለዋል። እገዳው ሲነሣ ኮሚሽኑ ከ14 እስከ 83 ያሉ አዳዲስ ቻናሎችን ከፈተ፤ ዩኤችኤፍ የሚባሉት ናቸው። ችግሩ ሰው ቤት ያለው ቴሌቪዥን ባብዛኛው ከ2 እስከ 13 ያሉትን ብቻ የሚይዝ መሆኑ ነው። ሁለት ጠንካራ ጣቢያ ባለበት ከተማ ሦስተኛው ኔትወርክ ያለው ምርጫ ወይ ማንም በማይከፍተው ቻናል ላይ መቀመጥ፣ ወይም ከሌሎቹ የተረፈ ሰዓት መለመን ነበር። አምራቾች ሁሉንም ቻናል የሚይዝ ቴሌቪዥን እንዲሠሩ የሚያስገድደው ሕግ የወጣው በ1962 ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው በ1964 ነው። አራተኛው ኔትወርክ ዱሞንት ይህን ቀን ሳያይ በ1956 ተዘጋ።

ኤቢሲን ከዚህ ዕጣ ያተረፈው ሌላ የፍርድ ውሳኔ ነው። በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፓራማውንት ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ መነሻነት ትልልቆቹ የፊልም ኩባንያዎች ፊልም መሥራትንና ሲኒማ ቤት መያዝን እንዲለያዩ ተደረገ። ከፓራማውንት የተነጠለው የሲኒማ ቤቶች ኩባንያ ሕንፃና ገንዘብ ነበረው፤ የሚጨነቀው ሰው ሲኒማ መግባቱን ትቶ ቤቱ ቴሌቪዥን እያየ መቅረቱ ነበር። መሪው ሌናርድ ጎልደንሰን በ1953 ኩባንያቸውን በ25 ሚሊዮን ዶላር ከኤቢሲ ጋር አዋሐዱት፤ ከዚያም ለሦስት አሥርተ ዓመታት መሩት። ስለ ኤቢሲ ሲወራ በመስኮቱ የሚታዩት ፊቶች ይጠቀሳሉ እንጂ የሳቸው ስም ብዙም አይነሣም፤ በኔ ግምት ግን ያለሳቸው ዛሬ ኤቢሲ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።

የጎልደንሰን የመጀመሪያ ትልቅ ርምጃ ከዋልት ዲዝኒ ጋር መዋዋል ነው። ዲዝኒ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ግዙፍ የመዝናኛ ፓርክ ለመሥራት አስቦ የሚያበድረው አጥቶ ነበር። ለቴሌቪዥን ዝግጅት እሠራለሁ፣ በምላሹ ለፓርኩ ገንዘብ ስጡኝ ሲል ኤንቢሲና ሲቢኤስ እንቢ አሉት። ኤቢሲ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ጥሬ ገንዘብ አወጣ፤ እስከ 4.5 ሚሊዮን ዶላር ለሚደርስ ብድር ዋስ ሆነ፤ በምትኩ ከፓርኩ ላይ 35 በመቶ ገደማ ድርሻና ሳምንታዊ ዝግጅት አገኘ። ዝግጅቱ በጥቅምት 1954 ተጀመረ፣ ፓርኩ በሐምሌ 1955 ተከፈተ። ኤንቢሲና ሲቢኤስ ከብዙ አጋሮች ጋር ተደላድለው ስለነበር ሆሊውድን አልፈለጉም፤ ኤቢሲ ግን የሚሸጠው አልነበረውምና የፊልም ሰዎቹን በር አንኳኳ። በ1955 ከዋርነር ብራዘርስ ጋር ተዋውሎ የካውቦይ ተከታታይ ድራማዎችን ማሳየት ጀመረ፤ ቴሌቪዥን ከኒውዮርክ የቀጥታ ቲያትር ወደ ሆሊውድ ፊልም የዞረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በ1960 ዲዝኒ የፓርኩን ድርሻ በ7.5 ሚሊዮን ዶላር መልሶ ገዛ።

ባዶነት እንዲያውም አንድ ጊዜ አገር ጠቅሟል። በ1954 ጸደይ ብዙ ሰዎችን በኮሚኒስትነት በመወንጀል የታወቁት ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ ከጦር ሠራዊቱ ጋር ያደረጉት ፍጥጫ በሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ሲታይ፣ ሲቢኤስ ትርፋማ የቀን ዝግጅቱን ለማቋረጥ ስላልፈለገ በቀጥታ አላሰራጨውም፤ ኤንቢሲ ጥቂት ቀን አሳይቶ ተወው። ኤቢሲ በቀን የሚያጣው ማስታወቂያ ያን ያህል አልነበረምና ከዱሞንት ጋር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በ36 ቀናት ውስጥ ወደ 188 ሰዓት አሳየ። ሕዝቡ ስማቸውን በጋዜጣ ያውቅ የነበረውን ሰው ከወንበራቸው ሆነው ንግግር ሲያቋርጡ፣ ሥነ ሥርዓት ሲያነሡ፣ ሰው ሲወነጅሉ በገዛ ዓይኑ አየ። ሰኔ 9 ቀን የሠራዊቱ ጠበቃ ጆሴፍ ዌልች፣ ማካርቲ የአንድ ወጣት ባልደረባቸውን ስም ሲያጎድፉ ከቶ ይሉኝታ አልቀረዎትም ወይ ብለው ሲጠይቋቸው አዳራሹ አጨበጨበ። ከኤቢሲ ታሪክ ሁሉ አንድ ብቻ አስቀርተህ ሌላውን ጣል ብባል የማስቀረው እነዚህን ሳምንታት ነው።

ስፖርቱም የመጣው ከዚሁ እጦት ነው። ሩን አርሌጅ የሚባል ወጣት ፕሮዲዩሰር በ1960 ወደ ኤቢሲ ሲገባ ካሜራ እስከዚያ ድረስ ኳሷን ብቻ ይከተል ነበር። እሱ የአሠልጣኙን ፊት፣ የተመልካቹን ጩኸት፣ የተሸናፊውን ዝምታ ጨመረበት፤ በዝግታ መልሶ ማሳየትን የዘወትር አደረገው። በ1970 የአሜሪካ ፉትቦልን ከእሑድ ከሰዓት አውጥቶ ሰኞ ማታ ላይ አስቀመጠው። አጋር ጣቢያዎች ይህን ወደዱት፤ የሚለካውም በዚህ ነበር፤ ተመልካች ያለው ዝግጅት የሌላ ኔትወርክ አጋሮችን ያስኮበልላል።

የኦሎምፒክ መብትም ለኤቢሲ ገባ። በ1968 ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ ሲቲ ማራቶንን ሲያሸንፍ ለአሜሪካ ተመልካች ያሳየው ኤቢሲ ነበር። በ1972 በሙኒክ መስከረም 5 ቀን ታጣቂዎች የእስራኤልን ስፖርተኞች ሲያግቱ፣ የስፖርት አቅራቢው ጂም ማኬይ ከማለዳ እስከ ሌሊት በካሜራው ፊት ቆየ፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ማለቃቸውን የነገረው እሱ ነው። ያን ቀን ማታ ይናገር የነበረው እንደ ተንታኝ ሳይሆን ቤቱ ሰው እንደሞተበት ሰው ቀስ ብሎ ነበር። ከአምስት ቀን በኋላ የተካሄደውን ማራቶን አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሲያሸንፍ ማሞ ሦስተኛ ወጣ፤ ያን ሩጫ በቴሌቪዥን ያየ ብዙ አሜሪካዊ ጫማውን አጥልቆ መሮጥ እንደጀመረ ይነገራል።

በ1976–77 የዝግጅት ዘመን ኤቢሲ ለመጀመሪያ ጊዜ አንደኛ ወጣ። ከሲቢኤስ የመጣው የዝግጅት ኃላፊ ፍሬድ ሲልቨርማን ለወጣትና ለቤተሰብ የሚሆኑ ቀላል አስቂኝ ድራማዎችን አከታትሎ ደረደረ፤ ይህን በፍጥነት ማለፍ ይቻላል። ማለፍ የማይቻለው «ሩትስ» ነው። ከጋምቢያ ተጠልፎ የተሸጠውን የኩንታ ኪንቴንና የዘሩን ታሪክ የሚናገረው ይህ ድራማ በጥር 1977 በስምንት ተከታታይ ምሽቶች ታየ። በየሳምንቱ ከማከፋፈል ባንዴ ማሳየቱ የተመረጠው ካልተወደደ ጉዳቱ ባጭሩ እንዲያልቅ ነው የሚሉ አሉ። የመጨረሻው ምሽት ላይ ግን ቴሌቪዥን ካላቸው የአሜሪካ ቤቶች ግማሽ ያህሉ ይህንኑ ይመለከቱ ነበር። የባርነትን ታሪክ ከተሸጠው ሰው ጎን ሆኖ የሚናገር ሥራ በአገሪቱ ትልቁ መስኮት ላይ ወጣ፤ በዚያው ሰሞን ታላላቅና ታናናሾች ስለ ዘራቸው ሲጠያየቁ ሰነበቱ። በዜናውም በኩል ባርባራ ዎልተርስ በ1976 የኔትወርክ የማታ ዜናን በተባባሪነት ያቀረበች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ በ1978 ማክስ ሮቢንሰን በዚያ ወንበር የተቀመጠ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የባለቤትነት ታሪክ ነው። አንድ ድርጅት ከ7 በላይ ቴሌቪዥን ጣቢያ እንዳይይዝ ይከለክል የነበረው ደንብ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 12 ከፍ አለ። በዚህ ክፍተት ካፒታል ሲቲስ የተባለ፣ ከኤቢሲ በጣም ያነሰ የጣቢያዎች ባለቤት፣ በ1985 ኤቢሲን በ3.5 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ፤ ከገንዘቡ ከግማሽ ቢሊዮን በላይ ያቀረቡት ባለሀብቱ ዋረን በፌት ነበሩ። ትንሹ ትልቁን ዋጠ ተባለ። ግዢው ውስጥ ግን ኤቢሲ ከአንድ ዓመት በፊት የጠቀለለው ኢኤስፒኤን የሚባል የኬብል ስፖርት ቻናል ነበር። ኔትወርክ ያን ጊዜ የሚኖረው በማስታወቂያ ብቻ ነበር፤ የኬብል ቻናል ግን ከማስታወቂያው በተጨማሪ ከየደንበኛው ወርኃዊ ክፍያ ይቆረጥለታል። ሰው ኳስ ባያይም ለኳሱ ይከፍላል። ውሎ አድሮ ልጁ ከወላጁ በለጠ።

በ1995 ዲዝኒ ሁሉንም በ19 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። ከአርባ ዓመት በፊት የፓርክ ብድር ዋስ ፍለጋ ኤቢሲ ደጅ የቆመው ኩባንያ ባለቤት ሆኖ ገባ። ለዚህ መንገዱን የጠረገው ደግሞ ሌላ ደንብ መነሣቱ ነው፤ ከ1970 ጀምሮ ኔትወርኮች የሚያሳዩትን ድራማ በባለቤትነት ይዘው መልሰው እንዳይሸጡ የሚከለክል ደንብ ነበር፤ በ1990ዎቹ ሲሻር የፊልም ኩባንያና ኔትወርክ በአንድ ጣሪያ ሥር መሆን ትርፍ ሆነ።

የጣቢያዎቹም ኑሮ ተለወጠ። የ1992ቱ የኬብል ሕግ የኬብል ኩባንያ የአካባቢውን ጣቢያ ስርጭት ለደንበኞቹ ለማስተላለፍ የጣቢያውን ፈቃድ እንዲጠይቅ አስቻለ፤ ፈቃድ ካለ ዋጋ አለ። ቀድሞ ኔትወርኩ ለአጋሩ ይከፍል ነበር፤ ዛሬ አጋሩ ከኬብል ከሚያገኘው ላይ ለኔትወርኩ ይከፍላል። አንዳንዴ ድርድሩ ሳይሳካ ሲቀር በኬብል የሚያይ ቤተሰብ ኳስ ሊያይ ተሰብስቦ ጥቁር መስኮት ይጠብቀዋል፤ ይህ ሲሆን ቴሌቪዥኑ እንዳልተበላሸ ማወቅ ጥሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ በተራ አንቴና ያው ቻናል ይገባል። ብዙ ጣቢያዎችም እንደ ሲንክሌርና ኔክስታር ባሉ ትልልቅ ኩባንያዎች እጅ ተጠቃለሉ።

በመስከረም 2025 ለአጋር ጣቢያ አላሰራጭም የማለት መብት የሚሰጠው የ1941ዱ አንቀጽ ተመልሶ መጣ። የኤቢሲ የሌሊት ዝግጅት አቅራቢ ጂሚ ኪመል ከወግ አጥባቂው የፖለቲካ አቀንቃኝ ከቻርሊ ከርክ ግድያ ጋር አያይዞ በተናገረው ነገር የኮሚሽኑ ሊቀመንበር ብሬንደን ካር ኮሚሽናቸው ርምጃ ሊወስድ እንደሚችል በይፋ ተናገሩ። ጣቢያዎችንም ዝግጅቱን እንዲተዉ ገፋፉ። መስከረም 17 ቀን ኔክስታር በጣቢያዎቹ እንደማያሳየው አስታወቀ፤ ሲንክሌርም ተከተለ፤ ኤቢሲ በዚያው ቀን ዝግጅቱን አቆመ። የመንግሥት ባለሥልጣን በፈቃድ ሰጪነቱ ተገን የዝግጅትን ይዘት ሊነካ አይገባም የሚል ተቃውሞ ከሁለቱም ወገን ተነሣ፤ እኔም ሞገድን ለማከፋፈል የተሰጠ ሥልጣን ቃልን ለመምረጥ እንዳልተሰጠ አምናለሁ። መስከረም 23 ቀን፣ ማክሰኞ ማታ፣ ኪመል ወደ ኤቢሲ ተመለሰ። የኒውዮርኩ ቻናል 7 አሳየው፤ የሎስ አንጀለሱም አሳየው። ዋሽንግተን ውስጥ ቻናል 7ን ከፍቶ የጠበቀ ሰው ግን ያገኘው ሌላ ዝግጅት ነው፤ ኪመልን በዚያ ቻናል ለማየት እስከ ዐርብ ማታ መጠበቅ ነበረበት።